ባነር ላይ የጠፋ ፊት

ኑ ልጆቼ፣ ቀረብ በሉ። ዛሬ የማጫውታችሁ የወንድሜ ልጅ ሥራ ስትለማመድ ያፈላችውን ጉድ ነው። እንዳወራው ፈቅዳልኛለች። ከተወለደች ጀምሮ የማውቃትን ልጅ ፈቃድ የጠየቅኩበት ምክንያት ደግሞ ኋላ ላይ ይገባችኋል።

ልጅቷን ሁላችንም ሚጢ ነው የምንላት። ስትወለድ አንድ ክንድ አትሞላም ነበርና ስሙ ያኔ ወጣላት። አሁን በቤቴ በር ስትገባ ጎንበስ ትላለች፤ ስሙ ግን አብሯት አላደገም። ትምህርቷን ልትጨርስ ስትል አንድ የሰብዓዊ መብት ፋውንዴሽን ለሥራ ልምምድ ተቀበላት። ቢሮው ለእኔ ቤት ስለሚቀርብ ሻንጣዋን እየጎተተች እኔ ጋ ገባች። ሥራ በጀመረች ዕለት፣ ገና ጫማዋን በር ላይ አውልቃ ሳትጨርስ ያዝኳት።

«ለመሆኑ ምን ብለው ቀጠሩሽ?»

«አልቀጠሩኝም አክስትዬ፣ ልምምድ ነው። ኮሙኒኬሽን ክፍል።»

«ኮሙኒኬሽን ደግሞ ምንድን ነው?»

«ድርጅቱ የሚሠራውን ለሰው መንገር። በጽሑፍ፣ በፎቶ፣ በቪዲዮ…»

«አሃ፣ ወሬ!»

«ወሬ አይደለም!» አለች ተቆጥታ።

«ምን ያስቆጣሻል? ክፉ ወሬ አላልኩሽ። ደግ ወሬም እኮ አለ። የሚያወራው ሰው ጠፍቶ አይደል እንዴ ክፉው ብቻውን ሰፈሩን የሚዞረው?»

ከዚያ ቀን ጀምሮ ቤቴ ቢሮ ሆነ። ቃለ መጠይቅ የምትለማመደው በእኔ ነበር። ሽንኩርት እየከተፍኩ ስልኳን አፌ ሥር ትደቅንና «በዚያን ጊዜ ምን ተሰማዎት?» ትለኛለች። «ዓይኔን አቃጠለኝ» እላታለሁ። «አክስትዬ፣ በቁም ነገር!» ትላለች። እኔ በቁም ነገር ነበር የተናገርኩት።

የክፍሏ ኃላፊ መነጽሩን ግንባሩ ላይ ሰቅሎ መነጽሬ የት ሄደ የሚል፣ ልቡ ግን ወለላ የሆነ ሰውዬ ነው። በሁለት ቃል መሃል አንድ «በጥንቃቄ» ካላስገባ ስለማይናገር የቢሮው ሰው «አቶ ጥንቃቄ» ብሎታል። «ሻዩን በጥንቃቄ ጠጪው፣ ትኩስ ነው» አለኝ ብላ ሚጢ ስትስቅ ነበር። ሳቋ ግን አልቆየም።

ምን ሆነ መሰላችሁ፣ ድርጅቱ ከቤታቸው ሸሽተው የወጡ እናቶችን ከነልጆቻቸው የሚያስጠጋበት ቤት አለው። ሚጢ እዚያ ሄዳ ልጆቹ ኳስ ሲጫወቱ አየች። ደስ ብሏት ፎቶ አነሳችና ማንንም ሳትጠይቅ በድርጅቱ ገጽ ላይ ለቀቀችው። ልጆቹ ጥርሳቸውን ገልጠው ሲስቁ በጣም ያምራሉ፤ ለእኔም አሳይታኛለች። ከልጆቹ ያንዱ እናት ግን ከሚደበድባት ባሏ ተደብቃ ነበር ያለችው። ሰውየው ያንን ፎቶ ቢያይስ? አቶ ጥንቃቄ ቶሎ ደርሶበት ከገጹ ላይ አነሳው፤ እግዜር ይስጠው፣ ማንም ሳያየው ቀረ። ሚጢን አስቀምጦ «የሰው ፊት የሰው ነው። ያንቺ አይደለም፣ የእኔም አይደለም» አላት። አልጮኸባትም። ቢጮህባት ይሻላት ነበር። ያን ቀን ራቷን ሳትበላ ተኛች።

እባብ ያየ በልጥ በረየ ይባል የለ? ሚጢ ከዚያ ወዲህ ፊት ማደብዘዝ ጀመረች። ኮምፒውተሯ ላይ አንድ ነገር አለ፤ ፊት ላይ ወዲያ ወዲህ ስታሸው ፊቱ እንደ እንፋሎት ይሆናል። ልጅ አደበዘዘች፣ ሽማግሌ አደበዘዘች። የቢሮው ሰው ስብሰባ ላይ የተነሳውን ፎቶ ስትለጥፍ ዋና ዳይሬክተሯን ሳይቀር አደበዘዘቻቸው። ሴትዮዋ «ምነው ልጄ፣ ምን አጠፋሁ?» ብለው ጠየቋት አሉ። እኔ እንኳ በልደቷ ቀን ከእሷ ጋር የተነሳሁትን ፎቶ ላኪልኝ ብላት፣ እሷ ጎን የቆመው ሰው አንገቱ ላይ ጉም ተሸክሟል።

«ሚጢ፣ ይሄ ማነው?»

«አንቺ ነሽ አክስትዬ።»

«ቀሚሱስ የእኔ ነው። ሴትዮዋን የት አደረስሻት?»

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ።

ከእኛ ግቢ ቀጥሎ ባለው ግቢ አንዲት ሴት ተከራይታ ትኖራለች። የምትሠራው ትልቅ ሆቴል ውስጥ፣ ላውንደሪ ክፍል ነው። እኛ «አጣቢዋ» ነው የምንላት፤ እሷም ስትጠራበት አይከፋትም። ቀልድ አዋቂ ናት። በፊት ለፊት ሁለት ጥርሶቿ መሃል ፍንጭት አላት፤ ስትስቅ ያቺ ፍንጭት ቀድማ ነው የምትስቀው። በረኪና ቆዳዋን እየላጠው ስትቸገር «ለሁላችንም የእጅ ጓንት ይገዛልን» ብላ አለቃዋን ጠየቀች። አንዴ ጠየቀች፣ ደጋግማ ጠየቀች። አለቃው ጓንት በመግዛት ፈንታ «አንሶላ ጠፍቷል» አለና አባረራት። የሚጢ ድርጅት ጠበቃ አቆመላት፤ ፍርድ ቤት ተከራክራ ረታች። ወደ ሥራዋ ተመለሰች፣ ጓንቱም ተገዛ።

ፍርድ ቤቱ እንዲህ ፈረደ፤ ሰፈሩ ግን የራሱ ችሎት አለው። የግቢው አከራይ «ሌባ ናት» የተባለውን ሰምታለች፤ «አይደለችም» የተባለው ጆሮዋ አልደረሰም። አጣቢዋ በግቢው ባለፈች ቁጥር አከራይዋ የራሷን ልብስ ከገመድ ላይ ትሰበስባለች። እርጥቡን! ጠብ ጠብ የሚለውን ጨርቅ ታቅፋ ወደ ቤት ትገባለች። አጣቢዋ ስታልፍ ደግሞ ታወጣዋለች። አንድም ክፉ ቃል አትናገራትም፤ ልብሷን ብቻ ታነሳለች። እኔ ከአጥሩ በላይ ሆኜ ሁሉንም አያለሁ።

«ቢሰድቡኝ ይሻለኝ ነበር» አለችኝ አንድ ቀን አጣቢዋ። «ለስድብ መልስ አለኝ። ለገመድ ምን ብዬ ልመልስ?»

እንግዲህ ድርጅቱ በየዓመቱ ግቢውን ለሕዝብ ክፍት የሚያደርግበት ቀን አለው። የዘንድሮው ትልቁ ባነር የአጣቢዋ እንዲሆን ተወሰነና ጎረቤት ናት ተብሎ ሥራው ለሚጢ ተሰጠ። ይህን ካሳመረች ልምምዷ እንደሚራዘምላት፣ ምናልባትም ኋላ እንደሚቀጥሯት አቶ ጥንቃቄ ነግሯታል፤ በጥንቃቄ።

ፎቶው ሲነሳ እኔም ነበርኩ። አጣቢዋ ቢጫ ሸሚዟን ተኩሳ፣ ፀጉሯን ተሠርታ፣ እጇ ላይ አንድ ነጭ አንሶላ አጣጥፋ ይዛ ቆመች። አንሶላውን ይዤ ካልሆነ አልነሳም ያለችው ራሷ ናት። ሚጢ እየፈራች ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ፊትሽ ቢታይ ትፈቅጃለሽ? ካልፈለግሽ መደበቅ ይቻላል።»

«ምን ብዬ ልደበቅ? ፊቴን አሳዩ፣ ስሜን በትልቁ ጻፉ። አከራዬንም የግቢውን ሰውም ሁሉ ይዤ ነው የምመጣው። ይዩኝ! ያኔ ገመዱ ላይ ያለው ልብስ በሰላም ይደርቃል።»

ሚጢ አነሳቻት። ሳቋን፣ ፍንጭቷን፣ ነጩን አንሶላ። አቶ ጥንቃቄ አይቶ «ግሩም ነው» አለና አጸደቀው። እዚህ ላይ ቢያበቃ እኔም ዛሬ የማወራው አይኖረኝም ነበር።

ወደ ማተሚያ ቤት ከመላኳ በፊት ሚጢ ሳሎኔ ውስጥ ኮምፒውተሯን ከፍታ ተቀምጣ ነበር። ፎቶውን ታያለች፣ ጥፍሯን ትበላለች፣ እንደገና ታያለች።

«ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«አለቃዋ ያየውና ቂም ቢይዝባትስ? መንገድ ላይ ሰው ጣቱን ቢቀስርባትስ? አሁን ሞቅ ብሏት ፈቅዳ ኋላ ብትጸጸትስ?»

«እንግዲያው ሂጂና ጠይቂያት። ቤቷ አጥር ማዶ ነው።»

«ብትጠየቅ እሺ ነው የምትለው፤ ደፋር ናት። ለእሷ ማሰብ ያለብኝ እኔ ነኝ።»

ፊቷ ላይ ወዲያ ወዲህ አሸችው። ፍንጭቷ ሄደች፣ ሳቋ ሄደ፣ ጉም መጣ። ስሟንም አጠፋችና በምትኩ «አንዲት ሠራተኛ» ብላ ጻፈች። ከዚያ እፎይ ብላ ላከችው። አያችሁ ልጆቼ፣ ከልቧ ነው ያደረገችው። ከፍቅር የሚመጣ ጥፋት ደግሞ መላ የለውም፤ የሚያጠፋው ሰው ደስ ብሎት ነው የሚያጠፋው።

ቀኑ ደረሰ። የድርጅቱ ግቢ በሰው ተሞልቷል። ወንበር ተደርድሯል፣ ሻይና ብስኩት አለ፣ ድምፅ ማጉያው ይንጫጫል። ባነሩ የአንድ ክፍል ግድግዳ ያህላል፤ በሁለት ምሰሶ መካከል ተወጥሮ በጨርቅ ተሸፍኗል። አጣቢዋ ያቺን ቢጫ ሸሚዝ ለብሳ፣ የሥራ ጓደኞቿን፣ የግቢውን ተከራዮች፣ ከሁሉም ፊት ደግሞ አከራይዋን አስከትላ መጣች። አከራይዋ ቦርሳዋን በብብቷ አጣብቃ «እስቲ እንግዲህ እንየው» በሚል አኳኋን ተቀመጠች።

መሸፈኛው ተገለጠ።

ጭብጨባው ተጀምሮ መሃል ላይ ቆመ። እስቲ አስቡት፤ ግድግዳ የምታህል ሴት፣ ፊቷ በጉም ተሸፍኖ፣ እጇ ላይ አንሶላ ታቅፋ ቆማለች። ቴሌቪዥን ላይ እንዲህ ሆኖ የሚቀርበው ማነው? ሌባ! ከነኤግዚቢቱ፣ እጅ ከፍንጅ የተያዘ ሌባ!

አከራይዋ አንገቷን ወደ ጎረቤቷ ዘንበል አድርጋ፣ ሹክ ያለች መስሏት፣ ግቢው ሁሉ እንዲሰማ አድርጋ ተናገረች። «ይኸዋ፣ ራሳቸው እንኳ አፍረው ሸፈኑት። አንሶላውን ግን አልሸፈኑም።» ከዚያ ቦርሳዋን ከአጣቢዋ ርቆ ወዳለው ብብቷ አዛወረችው።

አጣቢዋ ከወንበሯ ተነሳች። ባነሩን አየች፣ ቦርሳውን አየች፣ ከዚያ ሚጢን አየች።

«ፊቴስ?» አለች ቀስ ብላ። «እሱን ነበር እኮ ይዤ የመጣሁት።»

ሚጢ ክው አለች። የምትገባበት ቀዳዳ ብታገኝ ትገባ ነበር። አቶ ጥንቃቄ እየሮጠ መጣ፤ መነጽሩ ከግንባሩ ወርዶ አፍንጫው ላይ ሲያርፍ ያየሁት ያን ቀን ብቻ ነው።

«እኔ ያጸደቅኩት ይሄንን አይደለም! ማነው የነካው?»

«እኔ ነኝ ጋሼ። ልጠብቃት ብዬ…» አለች ሚጢ። ልምምዷ እዚያው እግሯ ሥር ሲፈርስ ይታያት እንደነበር ከፊቷ ያስታውቃል።

«እሺ፣ እሺ። በጥንቃቄ እናውርደውና አሳትመን ሌላ ቀን…»

«ሌላ ቀን ማን ይመጣል?» አለች አጣቢዋ። «ለምኜ፣ ተለማምጬ ያመጣኋቸው ዛሬ ነው። አሁን ብታወርዱት ደግሞ ‹ይኸው ሌባዋ ወረደች› ነው የሚባለው። ስም ከመቃብር በላይ ይውላል ይላሉ፤ የእኔ ግን እኔ ከነሕይወቴ ቆሜ መቃብር ሊገባ ነው!»

 እኔም ከወንበሬ ልነሳ አልኩና መልሼ ተቀመጥኩ። ሚጢ ግን እንደ ጥይት ተፈትልካ ወደ ቢሮው ገባች። አለቀሰች፣ ሄደች ብዬ ነበር። ወረቀት የሚቆርጡበትን ትልቅ መቀስ ይዛ ተመለሰች። ከዚያ ሰው በሞላበት መሃል አጣቢዋ ፊት ቆማ ጠየቀቻት።

«እትዬ፣ ያኔ ጠይቄሽ መልስሽን አልሰማሁም። አሁን እንደገና ልጠይቅሽ። ፊትሽ ይታይ?»

«አንቺ ልጅ፣ ስንት ጊዜ ልፍቀድልሽ? በሙዚቃ ልንገርሽ?»

አንድ ሰው ሳቀ። ሚጢ ወንበር ላይ ወጣችና ያንን ጉም ዙሪያውን በመቀሱ ቀደደችው። አቶ ጥንቃቄ «ኧረ በጥን…» ብሎ ጀመረና ዋጠው። ክቡ ጨርቅ ተቀዶ ወረደ፤ ባነሩ ላይ መስኮት ተከፈተ።

ከስብሰባ ክፍል ጠረጴዛ ወጣ። ባነሩ ጀርባ ተቀመጠና አጣቢዋ ወጣችበት። ማን ያዘላት መሰላችሁ? አቶ ጥንቃቄ ራሱ! ተንበርክኮ የጠረጴዛውን እግር በሁለት እጁ አንቆ «በጥንቃቄ፣ በጥንቃቄ» ሲል በጨርቁ ሥር ይሰማ ነበር።

በዚያ ቀዳዳ ራሷን ብቅ አደረገች።

እንግዲህ ሰውነቱ ግድግዳ ያህላል፤ ፊቷ ደግሞ የራሷ ፊት ነው፤ የተራ ሰው ፊት። ግዙፍ ሴት ላይ የሎሚ ጭንቅላት! ግቢው በሳቅ ተናጋ። የላውንደሪ ጓደኞቿ እየተደጋገፉ ሳቁ። እሷም ወደ ታች የራሷን ትከሻ አየችና «ውይ፣ እንዲህ ወፍሬያለሁ እንዴ?» አለች። ያቺ ፍንጭት ብቅ አለች። ያኔ እፎይ አልኩ።

ሳቁ በረድ ሲል ድምጿን ከፍ አደረገች።

«እኔ ነኝ! ስታጥብ የምታዩኝ እኔው ነኝ። አንሶላ አልወሰድኩም፤ ጓንት ነው የጠየቅኩት። ለጓንት ተባረርኩ፣ ለጓንት ተከራከርኩ፣ ረትቼ ተመለስኩ። የሚጠይቀኝ ካለ ፊቴ ይኸው!»

ጭብጨባው አሁን ነው የመጣው። ሚጢ ግን ዓይኗን ከአከራይዋ አልነቀለችም። እኔም እንደዚያው። አከራይዋ ተነስታ እስከ ባነሩ ድረስ ሄደችና ቀና ብላ አየቻት።

«ጓንት?» አለች።

«ጓንት፣ እማማ።»

«ለጓንት ነው ይህ ሁሉ?»

«እጄን ላሳይዎት?» አለችና አጣቢዋ በቀዳዳው እጇን ዘረጋች። በረኪና የላጠው፣ ጥፍሩ ሥር የቆሳሰለው እጇ ከባነሩ ወጣ። አከራይዋ ብዙ አየችው።

«ለእኔ የተነገረኝ አንሶላ ነው።»

«ማን ነገረዎት?»

«ሰው ነዋ…» አለች። ይቅርታ አልጠየቀችም፤ ይቅርታ የሚባለው ቃል ከእሷ አፍ ሲወጣ ሰምቶ የሚያውቅ የለም። «በይ አሁን ውረጂ፤ ወድቀሽ ትሰበሪና ደግሞ እኔ አስታማሚ ልሆን ነው» ብላ ወደ ወንበሯ ተመለሰች። ቦርሳዋን ግን ጭኗ ላይ አስቀመጠችው። አየሁት።

ያን ቀን ያንን ቀዳዳ ያልሞከረው የለም። ላውንደሪዎቹ ተሰልፈው፣ ልጆች ትከሻ ላይ ወጥተው፣ ዳይሬክተሯ ሳይቀሩ ገብተው ፎቶ ተነሱ። «አሁን ታየሁ!» አሉ ዳይሬክተሯ ሚጢን በዓይናቸው እየጠቀሱ።

በማግስቱ አቶ ጥንቃቄ ሚጢን ቢሮው ጠራት። ሻንጣዋን ልታሰናዳ ነው የተነሳችው፤ «ሂጂና ስሚው መጀመሪያ» ብዬ ገፍቼ ነው የላኳት። እንዲህ አላት አሉ። «መጀመሪያ ሳትጠይቂ አሳየሽ። ቀጥሎ ጠይቀሽ ደበቅሽ። ሦስተኛው ላይ ጠይቀሽ ሰማሽ። እዚያ ላይ እንቀጥል።» ልምምዷ ተራዘመ። ባነሩም ባለፊቱ እንደገና ታተመ፣ የአጣቢዋ ስም በትልቁ ተጽፎ። ባለቀዳዳውን ግን አልጣሉትም፤ ኮሪደሩ ላይ ሰቅለውታል።

አሁን ሚጢ ሳትጠይቅ ድመት እንኳ አታነሳም። ሰሞኑን ወደ እኔም መጣች።

«አክስትዬ፣ የልደቴን ፎቶ ልለጥፈው ነው፤ ፊትሽ ቢታይ ትፈቅጃለሽ?»

«አልፈቅድም።»

«ምነው?»

«ፊቴ ያለው እዚሁ ነው። ያማረው ሰው ቤቴ መጥቶ ይየኝ።»

ትን እስኪላት ሳቀች፤ አልለጠፈችውምም።

ይህን ሁሉ ያወራሁላችሁ ትናንትና ስላየሁት ነገር ነው። ከሰዓት በኋላ ሰማዩ ድንገት ጠቆረ። እኔ በር ላይ ነበርኩ። ከአጥሩ ማዶ አጣቢዋ ከሥራ ገብታ እጇን ስትታጠብ ይሰማኛል። የአከራይዋ ልብስ ከጫፍ እስከ ጫፍ ገመዱ ላይ ተሰጥቷል፤ መሃሉ ላይ ደግሞ አንድ ትልቅ ነጭ አንሶላ። የመጀመሪያዎቹ ነጠብጣቦች ሲወርዱ አከራይዋ ከመንገዱ ጥግ ብቅ አለች፤ በሁለት እጇ የገበያ ዘንቢል ይዛ፣ መሮጥ አቅቷት፣ እያለከለከች። ካለችበት ሆና ጮኸች።

«አንቺ! አንቺ አጣቢዋ! ዝናቡ መጣ፣ ልብሴን አንሺልኝ! አንሶላውንም!»

ከአጥሩ ወዲያ ውሃው ቆመ።   ከዚያ ያቺ የማውቃት ድምፅ መጣች፣ ሳቅ ሳቅ እያላት።

«አንሶላውን ነው ለእኔ የሚያምኑኝ፣ እማማ?»

«ኧረ ወሬውን ተይና ፍጠኚ! ይረጥብብኛል!»